ሦስቱ ዘላዮችና ከጣራው በላይ ያለው መንገድ

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2005 ዓ.ም.

የኔታ ፊት ጠጠር ላይ ተንበርክኬ ዳዊት ደግሜያለሁ። በአለንጋ ተገርፌ ጀርባዬን ለእናቴ አላሳየሁም። መጀመሪያ ወደተመደብሁበት ትምህርት ቤት ሁለት ቀን በእግሬ ተጉዣለሁ። ወባ ሦስት ጊዜ ጥላኝ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የጠመኔ ብናኝ ስውጥ ኖሬያለሁ። የዓይኔን ሞራ ሲገፉልኝ ሐኪሙ «አመመዎት?» ቢለኝ «ሥራህን ሥራ» አልሁት። በአንዱም አላጉረመረምሁም።

ዛሬ ግን የገዛ ልጄ «ሌባ ውርስ አይወርስም፣ አባዬ» ብላኝ፣ ፈገግ እያለች ወደ ጓዳ ስትገባ መቻል አቃተኝ።

መሠረት ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃለች። ደጋው ገረሴ የሒሳብ መምህርት ሆና ተመድባ ዓርብ ትሄዳለች። ዕቃዋን ስትሸክፍ የድሮውን የቴሌቪዥን ጌም ከነሦስት ካሴቶቹ አወጣሁና «ይህንም ውሰጂ» አልኋት። ከአራተኛ ክፍል አንደኛ ወጥታ ስታልፍ ከሲቀላ ገበያ የገዛሁላት ነው። ሦስቱም ካሴቶች የአንድ ባለ ኮፍያ ዘላይ ሰው ጨዋታዎች ናቸው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። መልሷ ያ ሆነ።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። በቤቴ ደንብ ነበረ። ሀሁን ሳይጨርስ አቡጊዳ የሚጀምር እንደሌለ ሁሉ፣ አንደኛውን ካሴት ደረጃ በደረጃ ሳትጨርስ ሁለተኛውን እንዳትነካ አዝዤ ነበር። አንድ ቀን ግን ከሁለተኛው ደረጃ ተነሥታ በአንድ ጊዜ ስድስተኛው ላይ አገኘኋት። «ከጣራው በላይ መንገድ አለ፣ አባዬ» አለች። እኔ አላየሁም፤ ማየትም አልፈለግሁም። በጎረቤት ልጆች ፊት «ሌባ» ብዬ ገመዱን ነቀልሁ።

ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር አንድ ጊዜ እንኳ ለመጫወት አልተቀመጠችም።

እሑድ፣ ነሐሴ 12

ከቅዳሴ መልስ ጉዳዩን በዘዴ አነሣሁ። ከሦስቱ የትኛው ይበልጣል አልኋት።

«ሦስተኛው።»

«አንደኛው ነው እንጂ።»

«እርስዎ ሦስተኛውን መቼ አይተውት ያውቃሉ?»

እውነቷን ነው። አንደኛውን ጨርሼው ስለማላውቅ ደንቤ ራሴንም ይዞኝ ኖሯል። አንቺስ የት አየሽው ብላት «ጎረቤት ቤት። እሱንም ሰርቄ» አለችኝ። እናቷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ወሰንሁ። እስከ ዓርብ ሦስቱንም መርምሬ ፍርዴን በጽሑፍ አኖራለሁ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 13

አንደኛው። ከጥዋት ጀምሮ።

ሰውየው ያለው ሦስት ነፍስ ብቻ ነው። ያለፈው ቦታ ከኋላው ስለሚዘጋ ተመልሶ የጣለውን ማንሣት አይችልም። ጉድጓዱ ምሕረት አያውቅም። ሙዚቃው አንድ ነው፤ አይሰለችም። ይህን የሠራው ሰው የኔታን የመሰለ መምህር ያሳደገው መሆን አለበት። እወደዋለሁ።

ውጤት፦ ሁለተኛው ደረጃ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ሞትሁ። አውራ ጣቴ ይንቀጠቀጣል፤ ዝላይ ስፈልግ ይዘገያል፣ ሳልፈልግ ይዘላል።

ባለቤቴ ባዶ ሲኒ ስታነሣ ቆማ አየችኝ። «የመሠረት አባት፣ በፍልሰታ ጾም ላይ ዝላይ ጨመሩበት?» አለች። ወዲያው መብራት ሄደ። ቀኑን ሙሉ አልመጣም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 14

ዛሬ ደንቤን ራሴ ጣስሁ። አንደኛውን ሳልጨርስ ሁለተኛውን ከፈትሁ።

እንግዳ ነገር ነው። ሰውየው ያው ነው፤ ዓለሙ ግን ሌላ ሰው የሠራው ይመስላል። ጠላትን በመርገጥ ፈንታ ድንጋይ ከመሬት ነቅሎ ይወረውርበታል። ገመድ ይወጣል፤ ወደ ኋላም ይመለሳል። በሁለት ወንድሞች መካከል የተቀመጠ የእንጀራ ልጅ መሰለኝና አንጀቴን በላው። ማንም አይመርጠውም። ግን ጥፋቱ ምንድን ነው? ወንድሞቹን አለመምሰሉ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሦስተኛው። ይህ ካርታ አለው። ሰውየው ቆሞ ያስባል፤ በወንዙ ልሂድ፣ በተራራው ልሂድ ይላል። ስንቅ ይቋጥርና ሲቸግረው ይፈታዋል። የካርታው ሐይቅ ሰማያዊ ነው። በመስኮቴ የሚታየኝ አባያ ግን ቡናማ ቀይ ነው፤ ይህን ብቻ ነቀፍሁ።

መሠረት ልብስ እያጠፈች ከበሩ ታይ ነበር። «ወደ ግራ ይውሰዱት» አለች። ወሰድሁት። «አሁን ይዝለሉ።» ዘለልሁ፤ ወደቅሁ። «ልጆችን በዚህ ጣት ነበር የሚቆነጥጡት?» ብላ ሄደች። አልተቀመጠችም። ግን ተናገረች።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 15

ይህን የምጽፈው በራሴ ላይ ነው።

ወደ አንደኛው ተመለስሁ። ሁለተኛው ደረጃ፣ ያ ዋሻ። መጨረሻው አጠገብ አውራ ጣቴ እንደ ልማዱ ሳላዝዘው ዘለለ። ሰውየው ከመወጣጫው ተፈናጥሮ ጣራው ላይ ወጣ። ወደ ላይ ወጥቶ፣ ነጥብ ከሚጻፍበት መስመርም በላይ ቆመ። የተበላሸ መሰለኝ። ወደፊት ነዳሁት። መውጫው ከሥሩ አለፈ።

አንዲት ጠባብ ክፍል ደረሰ። ሦስት በሮች አሉ፤ በየበሩ የደረጃ ቁጥር ተጽፏል፣ አንዱ ስድስት ነው። በመካከላቸው የቆመ አንድ ትንሽ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣው።

ጆይስቲኩን አስቀመጥሁ።

ለሌባ እጅ የሚነሣ ማነው? ያን መንገድ የሠራው ጨዋታውን የሠራው ሰው ራሱ ነው። እስከ ጣራው የደረሰ ይለፍ ብሎ በር ጠባቂ አቁሞለታል። የአሥር ዓመት ልጅ አገኘችው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያስተማረ አባቷ፣ ማስረጃውን ሳያይ ፈረደ።

ተማሪ ቢያደርገው ዜሮ እሰጠው ነበር።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 16

ጾሙ ተፈታ። ሌሊቱን ስለዘነበ ግቢው ለምልሟል።

በእኛ በጋሞ እርጥብ ሣር ይዞ የለመነን ሰው እምቢ ማለት ነውር ነው። ጭብጥ ሣር ነጨሁና ጌሙ ላይ አኖርሁት። እርሷ አይታ ትረዳዋለች፤ እኔም ከመናገር እድናለሁ ብዬ ነበር።

ባለቤቴ ቀድማ አየችው። «ሣር በእጅ ይያዛል እንጂ ዕቃ ላይ አይቀመጥም» አለች። «ጥፋተኛው ጌሙ ነው?»

አነሣሁት። መሠረት ሻንጣዋን ስትዘጋ ፊቷ ቆምሁ። የኔታ ፊት ከተንበረከክሁ ወዲህ ለሰው ተንበርክኬ አላውቅም። ጉልበቴን ማጠፍ ስጀምር ክንዴን ያዘችኝ።

«ምን ሆኑ አባዬ?»

«ጣራው ላይ ወጣሁ» አልኋት። «ሽማግሌው እጅ ነሣኝ። ያላየሁትን ፈርጄ በሰው ፊት ሌባ ብዬሻለሁ። አልነበርሽም።»

ክንዴን ለቀቀች። ከዚያ ሣሩን ከእጄ ወሰደች።

«በየትኛው በር ገቡ?»

«አልገባሁም። አንቺን ጠበቅሁ።»

ተቀመጠች። እኔ በቀኝ፣ እርሷ በግራ። አውራ ጣቴ ሲዘገይ እርሷ ታዝዛለች፤ እርሷ ስትቸኩል እኔ እገሥጻለሁ። እንደገና ጣራው ላይ ወጥተን በሦስተኛው በር ገባን። አልጨረስነውም።

ፍርዴ ይህ ነው። አንደኛው እኔን ያሳደገኝን ትምህርት ይመስላል፤ ሦስተኛው እርሷ ገረሴ ላይ የምትሰጠውን ይመስላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብተሩን እንዳነበበች «አስተማሪ ሳይሆኑ አይቀሩም» አለችኝ። ማሽኑን ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች፤ ሁለተኛውን ካሴት ግን መልሳ አስያዘችኝ።

«ይህን የእንጀራ ልጅ እርስዎ ያሳድጉት።»

እናቷ «ያለ ማሽን በምን ይጫወቱበታል?» አለች።

«ማሽኑን ይዤ ስመጣ ነዋ።»

መቼ እንደምትመጣ አልጠየቅኋትም። የገረሴ መንገድ በክረምት እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ።

ስለዚህ ይታወቅልኝ። ማሽኑን፣ አንደኛውንና ሦስተኛውን ካሴት ለልጄ ለመሠረት ሰጥቻለሁ። ሁለተኛው እስክትመለስ ድረስ በእኔ ዘንድ ይቆያል። ከእኔ በኋላ እርሱም፣ ይህም ደብተር፣ የእርሷ ነው።