ጀሪካኑን ከሺታዬ ራስ ላይ ላስወረዱት ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ለባሮ ዳር የወጣቶች መዝናኛ ማዕከል
ክቡር ሥራ አስኪያጅ
ጋምቤላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እግዚአብሔር ጤናዎን፣ ዕድሜዎንና ወንበርዎን እንዲጠብቅልዎ በትሕትና እለምናለሁ። የዘንድሮው የመጋቢት ሙቀት በገበያው ቆርቆሮ ሥር ተቀምጠን የምንሰፋውን ሰዎች ክፉኛ ቢያንገላታንም፣ ለወጣቶቹ አዳራሽ የመጣው ማራገቢያ ለጥንቃቄ ሲባል በእርስዎ ቢሮ እንዲቀመጥ ስለተደረገ፣ እርስዎን ብዙም እንዳልጎዳዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ደኅና ያልሆነውን ከዚህ በታች እዘረዝራለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እፈራለሁ። ነገር ግን በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች በዝተው ጸሐፊዎ የምታኖርበት ቦታ ስላጣች፣ ለእሷ አዝኜ ይኸኛውን ከማዕከሉ በር ፊት ለፊት ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። የማያውቀኝ አንባቢ ቢኖር፣ ስሜ ወንዳፈረው ዘገዬ ይባላል። በሰፈራው ጊዜ አቦቦ መጥቼ ብዙ ዘመን ያረስኩ፣ በኋላ ጋምቤላ ገበያ ውስጥ የስፌት መኪና ይዤ የተቀመጥኩ፣ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያላሳለፍኩ፣ ባለቤቴን ሺታዬን በወባ የቀበርኩ ሰው ነኝ። አንድ ፎቶግራፏ አለኝ። ቆማ ነው የተነሳችው፤ እሷ ግን ቆማ የምትገኝ ሰው አልነበረችም።

ለምስጋና ይመቸኝ ዘንድ ነገሩን በቁጥር አስቀምጫለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ኮምፒውተሩ አመሰግናለሁ። ለማዕከሉ መጋረጃ ልሰፋ ገብቼ በአጋጣሚ እንዳየሁት፣ በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ጌም ተጫዋቹን መንደር ያስቆረቁረዋል፤ ሰዎቹን እንጨት እያስቆረጠና ወርቅ እያስቆፈረ ሀብት ካከማቸ በኋላ ወታደር አሰልጥኖ ጎረቤቱን ይወጋበታል። ማዕከሉ ገና ጥርሱን እየነቀለ ላለው የክልላችን ወጣት ይህን የሰላም ትምህርት መምረጡ አርቆ አሳቢነቱን ያሳያል። በጨዋታው ውስጥ የነበሩት ሰዎች ግን የፈረንጅ ባላገሮች ነበሩ። የኮምፒውተሮቹ ኃላፊ ሩአች፣ ከእርስዎ ጋር አብሮ እየሠራ እንኳ ሥራ የሚወድ ሰው በመሆኑ፣ እነሱን አንድ በአንድ እያወጣ የእኛን ሰዎች ያስገባ ጀመር፤ በባሮ ላይ ታንኳ የሚቀዝፈውን፣ ከብት የሚነዳውን፣ ከዛፍ ላይ ማር የሚያወርደውን። እኔ መጋረጃ ስሰቅል ዘወር ብሎ «ጋሼ ወንዳፈረው፣ ሰዎቼ ራቁታቸውን ቀሩ፣ አልብስልኝ እንጂ!» አለኝ።

እንዲህ ነው የገባሁበት። የኮምፒውተሩ ሰው ቆዳውና ልብሱ አንድ ላይ ሆኖ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ጠፍጣፋ ይዘረጋል፤ ፊቱ ለብቻ፣ ጀርባው ለብቻ፣ እጅጌው ለብቻ። ቀለሙንና ጥለቱን እዚያ ላይ አሳምረህ ስትጨርስ ያለ መርፌ ገላው ላይ ይገጠማል። ለልብስ ሰፊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነብኝ ከሥር ያለው አጥንት ነው። ሩአች ለእያንዳንዱ ሰው አጥንት ያበጅለትና ክንዱን እዚህ፣ ጉልበቱን እዚያ እያደረገ አቋሙን ያስይዘዋል፤ ከአንዱ አቋም ወደ ሌላው የሚያደርሰውን መሣሪያው ራሱ ይሞላል፤ ሰውየውም ይራመዳል። ይህን ባየሁ ጊዜ ለብዙዎቹ ልብስ እንደምሠራለት፣ በምትኩ ግን አንዲት ሴት እንዲሠራልኝ ለመንኩት።

ሺታዬ ውኃ የምትሸከመው በራሷ ላይ ነበር። አቦቦ ሳለን ጎረቤታችን አጅዋንግ፣ የአኙዋክ ሴት ናት፣ አስተምራት ነው። የእኛዎቹ ሰፋሪ ሴቶች እንደ ደጋው ልማድ በጀርባቸው አዝለው ጎብጠው ሲመጡ እሷ ጀሪካኑን ራሷ ላይ አስቀምጣ፣ እጇን ለቅቃ፣ ቀጥ ብላ ትመጣ ነበር። ከኋላዋ ስትጠራት ደግሞ አንገቷን ማዞር ስለማትችል መላ ሰውነቷን ይዛ ቀስ ብላ ትዞራለች፤ እስክትዞር ድረስ ማን እንደጠራት እያወቀች በሆዷ የምትስቅ ይመስለኝ ነበር። እኔ የፈለግሁት ይህን መዞር ነው። አካሄዷን ለሩአች ላሳየው ባዶ ጀሪካን ራሴ ላይ አድርጌ አዳራሽዎ ውስጥ ስንጎራደድ ወጣቶቹ ተንከባለው ሳቁ። ያን ዕለት በቆሎ ልትሸጥ ገበያ መጥታ የነበረችው አጅዋንግም አብራኝ ገብታ ኖሮ ትንሽ ታገሰችኝና «ወገብህ እንጨት ነው። ሺታዬ እንዲህ አልሄደችም» ብላ ጀሪካኑን ነጠቀችኝ። ሩአች አጅዋንግን እያየ አጥንቶቹን አስተካከለ። በመጨረሻ ማውሱን ሰጠኝ፤ ሴቲቱን ነካኋት፤ መላ ሰውነቷን ይዛ ቀስ ብላ ዞረች።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የሆንኩትን ለእርስዎ መጻፍ አይገባኝም።

ሁለተኛ፣ ለነፍሴ ስለተጨነቁልኝ አመሰግናለሁ። «ሽማግሌ ሆኖ ጌም?» ብለው በሠራተኞችዎ ፊት መጠየቅዎን ሰምቻለሁ፤ ጥያቄውም እውነት አለው። እኔም ራሴን ጠይቄበታለሁ። እግዚአብሔር የወሰዳትን በጓሮ በር ለመመለስ የሚሞክር ሰው መስዬ ታይቶኝ፣ ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ኮምፒውተር ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ደክሜ ሳበቃ «ልጄ፣ ትጸልይላታለህ ወይስ ትጫወትባታለህ?» አሉኝ። መልሱን አሁንም እየፈለግሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ወጣቶቹን ለምኜ ወርቅ እንዳያስቆፍሯትና ጦርነት እንዳይወስዷት አደረግሁ። እነሱም እግዚአብሔር ይስጣቸውና «የጋሼ ሚስት አትነካ» እየተባባሉ ከወንዙ ዳር ተዉልኝ። ሥራ ስፈታ መጥቼ በማውሱ አንዴ እጠራታለሁ፤ ዞራ ታየኛለች፤ ወደ ስፌት መኪናዬ እመለሳለሁ። ጥፋት ከሆነ ጥፋቴ ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ኮሚቴው አመሰግናለሁ። የባህል ሳምንት ሲቃረብ እንግዶች ጨዋታውን እንዲጎበኙ ወሰኑ፤ ውሳኔው ሩአችንም እኔንም አስደስቶን ነበር። እርስዎ ለፍተሻ ሲመጡ ግን ወንዝ ዳር የቆመችውን አይተው «ይህቺ ሴት የየትኛው ብሔረሰብ ናት?» አሉ። ሩአች በየዋህነት «የጋሼ ወንዳፈረው ሚስት ናት» ቢልዎ፣ «ሚስትነት ብሔረሰብ አይደለም» ብለው አስተካከሉት። በዚህም ምክንያት ከየብሔረሰቡ ተወካይ ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ጋምቤላ ውስጥ ውኃ የሚቀዳበት መንገድ እንዲህ በጥልቀት የተጠናበት ዘመን የለም። ቀሚሷ የደጋ ሆኖ አሸካከሟ የቆላ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለች ሴት በክልሉ ውስጥ ልትኖር እንደማትችል ተነገረ። እኔ ከእሷ ጋር የኖርኩ ሰው በዚያው ክፍል ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጬ ይህን አዳመጥኩ። አንደኛው አባል ቀሚሱ ይለወጥ አሉ፤ ሌላኛዋ ጀሪካኑ ይውረድ አሉ፤ ሦስተኛው፣ የሚቸኩልበት ጉዳይ የነበረው ሰው ይመስለኛል፣ ውኃውን ለምን አትደፋውም አሉ።

አጅዋንግን በምስክርነት ለመጥራት ስለፈቀዱልኝም ምስጋናዬ ብዙ ነው። ከአቦቦ በጭነት መኪና ላይ መጥታ፣ ነጠላ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገብታ ቆመች። «እኔ ነኝ ያስተማርኳት። መጀመሪያ ብዙ ውኃ ደፋች። ቀሚሷ ሁልጊዜ እርጥብ። በኋላ ከእኔ በለጠች። አሁን ምን አጠፋች?» አለች። ቃሏ «ለግንዛቤ ያህል ተሰምቷል» ተባለ፤ እሷም ጫማዋን አድርጋ ወደ ልጆቿ ተመለሰች። ስትወጣ «ወንዳፈረው፣ እነዚህ ሰዎች ውኃ ማን ያመጣላቸዋል?» ብላ ጠየቀችኝ።

አራተኛ፣ ስለ ውሳኔው። ባሏ ከደጋ የመጣ ሰፋሪ በመሆኑ እሷም የደጋ ሴት ሆና እንድትስተካከል፣ ጀሪካኑም ከራሷ ወርዶ በጀርባዋ እንዲታዘል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ክቡርነትዎ ይህን ሲወስኑ ሊያውቁት የማይችሉት አንድ ነገር ስላለ አልቀየምዎትም። አቦቦ ሳለን ሴቶቹ «ሺታዬ፣ አንገትሽን ልትሰብሪ ነው፣ እንደ ሰው በጀርባሽ አትሸከሚም ወይ?» ሲሏት፣ እሷ እየሳቀች «ጀርባዬን ለልጅ ነው ያስቀመጥኩት» ትላቸው ነበር። ልጁ አልመጣም። ጀርባዋን ግን እስከመጨረሻው ምንም አላሸከመችበትም። እግዚአብሔር ባዶ የተወውን ቦታ የእርስዎ ኮሚቴ በቢጫ ጀሪካን ስለሞላው፣ አመሰግናለሁ ማለት የለመደ ብዕሬ እንኳ እዚህ ላይ ቆሟል።

አምስተኛ፣ የባህል ሳምንቱ ስለደረሰና ሩአች አዲስ አካሄድ ለማበጀት ጊዜ ስላልተሰጠው፣ ከጨዋታው ጋር የመጣውን የፈረንጅ እንጨት ለቃሚ አካሄድ ወስዶ ገጠመላት። እንግዲህ ትክክለኛ የደጋ ሴት እንድትሆን የተባለችው ሺታዬ አሁን እንደ ፈረንጅ ገበሬ ጎብጣ ትረግጣለች፤ ስትጠራም አንገቷን ብቻ ቀልበስ አድርጋ፣ በቁጣ ይሁን በድካም ሳይለይ፣ ገልመጥ ትላለች። የቀድሞው ሥራ፣ ካሴት ላይ ሌላ ዘፈን እንደሚቀዳበት፣ በላዩ ላይ ተቀድቶበት ጠፍቷል። አስቀድሜ በሲዲ ቅጂ እንዲሰጠኝ ብለምንም የማዕከሉ ንብረት ከግቢ እንደማይወጣ ገልጸውልኛል። ሩአች «ጋሼ፣ እንጀራዬ ነው፣ ምን ላድርግ» ብሎ እጄን ይዞ አለቀሰ። በእሱ አልፈርድም፤ በቦታው ብሆን እኔም ያንኑ ነበር የማደርገው።

የመጨረሻውን ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ምክንያቱም እሱ ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው።

በባህል ሳምንቱ እንግዶች መጡ፣ አጨበጨቡም። እሷንም ነኳት፤ ከወንዙ ዳር አስነስተው ወርቅ ወዳለበት ላኳት። ጠላት ሲመጣ ሠራተኞች ቀድመው ይሞታሉ፤ ወደቀች። ይጫወቱ የነበሩት እንግዳ ሳቁና ሌላ ሠራተኛ አዘዙ፤ ከቤቱ በር ያቺው ሴት ጀሪካኗን አዝላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ለወጣቶቹም የማንም ሚስት አይደለችም፤ በየቀኑ ትሞታለች፣ በየቀኑ ትወጣለች። እኔ ባለቤቴን አንዴ፣ በሥርዓቱ፣ በካህናት ጸሎት ቀብሬያለሁ። ትንሣኤንም አምናለሁ፤ ይህንን ግን አይደለም። ስለዚህ ጀሪካኑ ወደ ራሷ ይመለስልኝ ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ጊዜው አልፏል። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ እንድትሰረዝ ይፍቀዱልኝ። ሩአች ማድረግ ይችላል፤ ትንሽም ጊዜ አይፈጅም።

ጸሐፊዎ በቃል እንደነገረችኝ፣ ምስሏ በኮሚቴ የጸደቀ ስለሆነ ያለ ኮሚቴው ውሳኔ መሰረዝ አይቻልም፤ ኮሚቴው ደግሞ ሥራውን በሚገባ በመፈጸሙ ተመስግኖ ተበትኗል። ይህንን ሰምቼ ከደረጃው ላይ ጥቂት ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ የማንኳኳው በር የቱ እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ ቢኖር ገበያ ውስጥ ከጨው ተራ ጀርባ ይጠይቀኝ።

ክቡር ሆይ፣ በልቅሶዬ መካከል ብሔረሰቧን ላጣሩልኝ፣ ሬሳዋን ላስተካከሉልኝ፣ ሀዘኔንም ለእንግዳ ላስጎበኙልኝ ለእርስዎ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ሁለት እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ሹመትዎ እንዲሰፋ ጀርባዎም ሸክም እንዳያይ እየተመኘሁ፣ ሁልጊዜ ታዛዥዎ የሆንኩት

ወንዳፈረው ዘገዬ
ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ለባህል ሳምንቱ መታሰቢያ የእርስዎና የኮሚቴው አባላት ምስል በጨዋታው ውስጥ እንዲገባ መታሰቡን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ሙሉ ልብሱንና ክራቫቱን እኔ እሠራለሁ። ሩአች ስለ እንቅስቃሴያችሁ እንዳይጨነቅ ይንገሩልኝ። በጨዋታው ውስጥ ያለ ሰው ምንም ሥራ ሳይሠራ ባለበት ቆሞ የሚተነፍስበት እንቅስቃሴ ከፋብሪካው ተሠርቶ መጥቷል፤ ለእናንተ እሱ ይበቃል።