የቀይዋ መኪና ፍሬንና የእማዬ ግዝት

ሰኞ፣ ሚያዝያ ፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ ከቀኑ ፲ ሰዓት

እጄ ጥቁር ነው። ገጽህን ካቆሸሽሁት ይቅር በለኝ፣ ደብተሬ። የቀይዋን መኪና የኋላ ቀኝ እግር፣ ጎማዋን ማለቴ ነው፣ አሁን ፈትቼ መምጣቴ ነው። የፋሲካ ማግስት፣ ት/ቤት ዝግ። ተክለ ሃይማኖት፣ አርመናዊው መካኒክ ሙ. (ሙሴ) ሃጎፕ ጋራዥ፣ ቀኑን ሙሉ ከቀይዋ ሥር ተኝቼ ዋልሁ።

ቀይዋ ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች። ስምንት ሲሊንደር። ለእሽቅድምድም የተሠራች፣ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ብታንስ ነው። አንድ ነጋዴ ፈረንጅ ጦርነቱ ሲመጣ አገር ለቆ ሲወጣ ለጌ. ተዋት። (ጌ. ማለት ጌታቸው ነው። ታላቅ ወንድሜ።) ወረቀቷ በሙ. ሃጎፕ ስም ስለሆነ ነው ጣሊያኖቹ ያልወሰዷት። ስትሮጥ የሚደርስባት የለም። የምትቆመው ግን በሁለቱ የኋላ እግሮች ብቻ፣ ያውም በዘንግና በሽቦ።

ጌ. ኅዳር ላይ ሞተ። ወደ ልደታ በሚወርደው ቁልቁለት። መንገዱ ላይ አህያ የሚነዱ ሰዎች ነበሩ። ፍሬን ረገጠ፣ አልቆመችም። ሰዎቹን ትቶ ግንቡን መረጠ። የእሷ ራዲያተር ተጨራመተ፣ ተቃናም። እሱ ግን።

ሌላ ገጽ ላይ እጽፈዋለሁ። ዛሬ አይደለም።

እማዬ በሰልስቱ ማግስት በልደታ ገዘተችኝ። እዚያች መኪና ላይ ተቀምጠህ እንዳላይ አለች። መቀመጥ ነው ያለችው። ከሥሯ መተኛትን አላነሣችም። አንደኛ ነገር ይህ ነው። ሁለተኛው ይከፋል፦ ግንቦት ፪ ብረት ሰብሳቢው በበሬ ጎትቶ ሊወስዳት፣ ቆራርጦም ሊያቀልጣት ከእማዬ ቃል ተቀብሏል። ያለኝ አራት ሳምንት ነው። ቀይዋ በአራቱም እግሯ ቀጥ ብላ ስትቆም እማዬ በዓይኗ ካላየች ቀይዋ የለችም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ ፭

ፓድሬው፣ የሚያስተምረን የጣሊያን ቄስ፣ ዛሬ ክፍል ውስጥ ጠርሙስ ሰበረ። ሆን ብሎ። ውሃ እስከ አፉ ሞላው፣ በቡሽ ደፈነው፣ ቡሹን በመዶሻ መታ። የተሰበረው ታች፣ ቂጡ። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። ፓድሬው በጣሊያንኛ አስረዳ፦ የታፈነ ፈሳሽ አንድ ቦታ ሲገፉት በሁሉም ቦታ እኩል ይገፋል።

ሌሎቹ ለጠርሙሱ አዘኑ። እኔ ተነሥቼ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ሙ. ሃጎፕ ሁለት ቀን ሙሉ ሲነግረኝ ያልገባኝ ነገር! ጋራዡ ግቢ ውስጥ ገደል ገብታ የወጣች የጣሊያኖች ትንሽ የጭነት መኪና አለች። ፍሬኗ በዘይት ነው። ዘንግ የለ፣ ሽቦ የለ። አንዴ ሲረገጥ ዘይቱ በቱቦ ሄዶ አራቱንም እግር እኩል ይይዛል። በዘንግ ሲሆን አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል፣ መኪናዋ ትጣመማለች።

ከት/ቤት ጋራዥ ድረስ ሮጥሁ። የጠላት ፍሬን ለጌ. መኪና፣ ያስቃል አይደል አልሁት ሙ. ሃጎፕን። እሱን አላውቅም፣ ፋኖሱን ቀና አድርገህ ያዝ አለኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ ፲፩፣ ከቀኑ ፲፩ ሰዓት ተኩል

የጭነቷ ፍሬን ለቀይዋ ገባ! በአራቱም! የፊቱን አክስል በእጅ መሰርሰሪያ መብሳት ብቻ ሦስት ቀን ወሰደ። መዳፌ ተልጧል፤ በዚህ እጅ ጣሊያንኛ ቃለ ጽሕፈት ጻፍ ይሉኛል ደግሞ። የጭነቷ ታምቡር፣ ፍሬኑ የሚይዝበት ክብ ብረት፣ ከቀይዋ በእጥፍ ይሰፋል። ቀይዋ ትልቅ ጫማ ያደረገች ልጅ መስላለች።

የፍሬን ዘይት የለንም። ያለው የወታደሮቹ ኦፊቺና፣ ጋራዣቸው ውስጥ ነው፣ ለእኛ አይሰጡም። የሞተር ዘይት ሞላን። ረገጥነው። ያዘ! ሙ. ሃጎፕ ባርኔጣውን ወረወረ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ፍሬኑ አልለቅም አለ። ውስጡ ያሉት ጎሚኒዎች፣ ዘይቱን የሚያፍኑት የጎማ ክዳኖች፣ በዘይቱ እንደ ተዘፈዘፈ ባቄላ አብጠዋል። አራት ሰው ገፋናት፣ ንቅንቅ የለም። ሙ. ሃጎፕ በአርመንኛ ተሳደበ። ከዚያ እንዳይቀርብህ ብሎ በአማርኛ ደገመልኝ።

ቢያንስ ቆማለች አልሁት። ሣቀ። እኔም ሣቅሁ፣ ሆዴን ይዤ። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ አፈርሁ። ከጌ. በኋላ እንዲህ ስቄ አላውቅም። ቀጥሎ ደግሞ ማፈሬን ተውሁት። ጌ. ቢኖር መሬት ላይ ይንከባለል ነበር።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ ፲፬

ሙ. ሃጎፕ ትዝ አለው። በወጣትነቱ የሠራበት ቦታ የፍሬን ዘይት የሚደባለቀው ከጉሎ ዘይትና ከጠንካራ አልኮል ነበር፣ እኩል ለእኩል። ለጎሚኒ አይጎዳም። የጉሎ ዘይቱን ኮርቻ ከሚሠራ ሰው አመጣን። አልኮሉስ?

ደብተሬ፣ ልደታ ውስጥ አረቄ ከተባለ እማዬ ናት። ዳግሟን፣ ሁለት ጊዜ ያወጣችውን፣ የቀመሰ ቤቱን ሁለት ጊዜ ይሳሳታል ይላሉ። ለሙ. ሃጎፕ ነው ብያት አንድ ጠርሙስ ወሰድሁ። አልዋሸሁም።

ከጭነቷ የመለዋወጫ ሣጥን ያልተነኩ ጎሚኒዎች አውጥተን ተካን። ከቱቦው አየር ለማስወጣት አንዱ ይረግጣል፣ ሌላው ከታች ይከፍታል። እኔ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ግዝት ነው። ስለዚህ በበሩ በኩል በሆዴ ተንጠልጥዬ፣ እግሬ አየር ላይ፣ ፔዳሉን በሁለት እጄ ስገፋ ዋልሁ። ሙ. ሃጎፕ እንዲህ ያለ ሾፌር አይቼ አላውቅም አለ። ይህን ባለ በደቂቃው አንዱ ቱቦ ተሰነጠቀና ሙሉው ጉሎና አረቄ ኮቴ ላይ ፈሰሰ። ሌላ ጠርሙስ ያስፈልጋል።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ ፲፰፣ ከቀኑ ፱ ሰዓት

ተያዝሁ። ትናንት ሁለተኛውን ጠርሙስ ሳልናገር ወስጄ ነበር። ዛሬ ከት/ቤት ስገባ አባ ገ/ሥላሴ፣ የነፍስ አባታችን፣ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። እማዬ ኮቴን ይዛ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል።

በኀዘን መጠጥ ጀምሯል ብላ ነው የጠራቻቸው። ለካ ኮቴን እያሸተተች ስታለቅስ ነው የሰነበተችው። አባ ልጄ ንገረኝ አሉ። አንዱን ቀበርሁ፣ ሁለተኛውን ልጄን ጠርሙስ ሊወስድብኝ ነው ትላለች እማዬ። እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ሁሉንም ተናገርሁ፦ ታምቡሩን፣ የፓድሬውን ጠርሙስ፣ ጉሎውን፣ በሆዴ መንጠልጠሌን።

አባ መጀመሪያ ጢማቸውን ያዙ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ መስሎኝ ነበር። ሣቅ ነው።

እማዬ አልሣቀችም። አባ የእናትን ግዝት መፍታት እችላለሁ፣ ያለ ፈቃድሽ ግን አልፈታም አሏት። ኮቴን አጣጥፋ መደቡ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ቁልቁለቱ ግርጌ ነጠላዬን መንገዱ ላይ አነጥፋለሁ። ከላይ ልቀቋት። ነጠላዬን ሳትነካ ከቆመች ይፈታ። ከነካች ብረቱ ለብረት ሰብሳቢው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። ሙ. ሃጎፕ ይነዳል። አባ ምስክር ነኝ ብለው አጠገቡ ሊቀመጡ ነው። ምስክር በዳር ሆኖም ያያል ብላቸው፣ አንተ ምን ታውቃለህ አሉኝ። ዓይናቸው ያበራል።

እሑድ፣ ሚያዝያ ፳፪፣ ከቀኑ ፰ ሰዓት

አልሆነም።

መጀመሪያ እንዴት ያምር እንደነበር ልንገርህ። አባ ጥምጥማቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። ሞተሩ ሲጮኽ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ አጥር ላይ። አንደኛው ዙር፣ ከነጠላው ሁለት ክንድ ርቃ ቆመች። ሁለተኛው፣ አንድ ክንድ ተኩል። እማዬ አሁንም አለች። አሁንም፣ አሁንም። በስድስተኛው ከታምቡሮቹ የቃጠሎ ሽታ መጣ። በሰባተኛው ፔዳሉ ባዶውን ወረደ። ሙ. ሃጎፕ የእጅ ፍሬኑን ባይስብ አጥሩ ውስጥ ነበሩ። የፊት ጎማዎቹ ነጠላው መሐል ላይ።

እማዬ ነጠላዋን አነሣች። ተቀዷል። አራገፈችው፣ አጣጠፈችው፣ ወደ ቤት ሄደች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

አባ ሲወርዱ ጥምጥማቸው ተጣሟል። ግን ወደ ሙ. ሃጎፕ ጠጋ ብለው መቼ ነው የሚጠገነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ ፳፫፣ ከቀኑ ፲፩ ሰዓት

ይህን አታምነኝም።

የተረፈውን ድብልቅ በብርጭቆ ዕቃ ይዤ ቤት ገባሁ፣ ምን እንደጎደለው ላይ። እንደ ወተት ነጭ ሆኗል። ጉሎው ለብቻው ከላይ ተንሳፍፏል። ሙ. ሃጎፕም ነጭነቱን ሲደባልቅ አይቶ ነበር፤ የአገሩ ጉሎ ጠባይ መስሎት አለፈው። እማዬ በትከሻዬ አየችው። ዕቃውን ከእጄ ወሰደች፣ ወደ ብርሃን አነሣችው፣ አሸተተችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

ቁጭ አለች። መሬቱን እያየች ነገረችኝ። የመጀመሪያው ቀን ኮቴ አረቄ ሲሸታት ፈራች። ልትቆጣኝ አልቻለችም፣ ኀዘኔ ላይ ቁጣ መጨመር ሆነባት። ስለዚህ ከጓዳ ያሉትን ጠርሙሶች ሁሉ ግማሽ እያጎደለች ውሃ ሞላችባቸው። ቢጠጣም እንዳይጎዳው ብላ። ሁለተኛው ጠርሙስ ከእነዚያ ነው።

ፍሬኑ ውስጥ የነበረው ውሃ ነው! ታምቡሩ ሲግል ውሃው ፈላ፣ እንፋሎት ሆነ፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ይህን ሳስረዳት አፏን በእጇ ከደነች።

«ሰው በአረቄዬ ስም እየማለ ሲጠጣ ስንት ዓመቴ» አለች፤ «አሁን በውሃ ልዋረድ?»

ከዚያ ሣቀች። ደብተሬ፣ እማዬ ሣቀች። ከኅዳር ወዲህ። ጥርሷን ረስቼው ነበር።

ተነሥታ እሳት አነደደች። ዳግሙን እንደገና ልታወጣው ነው። ሦስተኛ ጊዜ የወጣ አረቄ ልደታ አይቶ አያውቅም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ ፳፮

ወጣ። ጣቷን ነክራ ክብሪት ጫረችበት። ሰማያዊ ነበልባል፣ ከዚያ ጣቷ ደረቅ። ጠርሙሱን ለእኔ አልሰጠችም። ራሷ ተሸክማ ጋራዥ መጣች። ጌ. ከሞተ ረግጣው አታውቅም። ቀይዋን አላየችም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለፈች። ሙ. ሃጎፕ ሲደባልቅ ግን አጠገቡ ቆማ ታዝዘው ነበር፦ ቀስ አድርገው፣ አይቸኩሉ፣ ከዳር ያፍስሱት። ጥርት ያለ ወርቃማ ሆነ። ቀድሞ የገባውን አጥበን አወጣን። ጎሚኒዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ስትወጣ እጇ የቀይዋን የፊት መብራት ነካ አደረገ። ሳታስበው ይሁን አስባ አላውቅም። አልጠየቅሁም።

እሑድ፣ ሚያዝያ ፳፱፣ ከቀኑ ፯ ሰዓት

አሥራ ሁለት ጊዜ! አሥራ ሁለት!

ያንኑ የተቀደደ ነጠላ አነጠፈች። በሰባተኛው ዙር ትንፋሼን ያዝሁ። ቆመች። በአሥረኛው ሙ. ሃጎፕ በቃኝ አለ፣ አባ ናቸው አንድ ጊዜ ደግሞ ያሉት። ከዚያም ሌላ አንድ። በመጨረሻው ከነጠላው አንድ ስንዝር። እማዬ ተንበርክካ በእጇ ለካችው። የነጠላው ጥለት አልተነካም።

አባ እዚያው መንገዱ ላይ ጸልየው ግዝቱን ፈቱ። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ሁሉም እኔን አዩኝ። ተቀመጥሁ። እግሬ ፔዳሉ ጋ አይደርስም፣ ጌ. ረጅም ነበር። ወንበሩ እሱ ባስተካከለው ልክ ነው ያለው። ወደፊት ላስጠጋው እጄ አልታዘዝ አለኝ። እማዬ መጥታ ራሷ ገፋችው። ጥቅል ኩታ ከጀርባዬ ሰካችልኝ። «አሁን ያንተ ልክ ነው» አለች።

ነዳሁ። በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም ሳልፈጥን። ልጆቹ እየሮጡ ቀደሙኝ፣ ሰደቡኝም። ፍሬን ረገጥሁ። ቀጥ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት ፩፣ ልደታ፣ ከቀኑ ፱ ሰዓት

የጣሊያኖቹም የሰልፍ ቀን ነው። ት/ቤት ባንዲራ ይዘን እንድንሄድ ታዝዘን ነበር። ታምሜያለሁ አልሁ። ካራቢኜሪዎቹ፣ ፖሊሶቻቸው፣ ሁሉ ወደዚያው ስለሄዱ ሰፈሩ ለእኛ ቀርቷል። በየደጁ ንፍሮ፣ በየደጁ ሰው።

ብረት ሰብሳቢው በሬዎቹን ይዞ ለነገ መንገዱን ሊያይ ብቅ አለ። እማዬ ንፍሮ ዘግና ሰጠችው። ቃሌን አጥፌያለሁ፣ ይቅር በለኝ አለችው፤ ብረት ካስፈለገህ ከጋራዥ አሮጌዎቹን ዘንጎች ውሰድ። ሰውየው አጉረመረመ። ንፍሮውን ግን ጨረሰው።

ከዚያ ሄዳ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠች። በእኔ አጠገብ፣ ወገቧን አቅንታ፣ ቤ/ክ እንደምትሄድ ሰው። ቀስ በል አለች። ቀስ አልሁ። ፍሬን በያዝሁ ቁጥር እሷም ወለሉን በእግሯ ትረግጣለች። ቁልቁለቱ አናት ስንደርስ አየችኝ፣ ወደ ታች አየች፣ ልቀቃት አለች። ግንቡ ጋ ስንደርስ አማተበች። አልቆምንም፣ አለፍን። ሜዳው ላይ ስትፈጥን ነጠላዋ ከራሷ ወደቀ፣ አላነሣችውም። እንዲህ ነው እንዴ የሚሮጠው የነበረው፣ አለች። እንዲህ ነው አልኋት። አመሉ አሁን ገባኝ አለች። ስለ መኪናዋ ይሁን ስለ ጌ. አልለየሁም።

ሁለት ጊዜ ወስጄ መለስኋት። ይህን ልጽፍልህ ትንሽ ገባሁ፣ ግን አሁንም ከወንበሩ አልወረደችም። አባ በር ላይ ቆመው ተራዬ ነው ይሏታል፣ ይቆዩ እንጂ ትላቸዋለች። ጥሩንባውን ማን እንዳሳያት እንጃ፣ እየነፋችው ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል። መጣሁ እማዬ፣ አንድ መስመር ብቻ ቀር—