አውድማችን ነፋስ አለው ወይስ የለውም

ሰኞ፣ ጥር 18። ጠዋት 2:30
ከፍኖተ ሰላም ማንኩሳ በሚኒባስ፣ ከዚያ በጋሪ፣ ከዚያ በእግር። ቦርሳዬ ውስጥ ፎርም፣ ስክሪፕቶ፣ ሁለት ሙዝ። አብሮኝ ኢ/ር ፉአድ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ። ነፋስ የሚለካ የብረት ምሰሶ ሊያስተክል ነው። እኔ ገበሬውን አስማማለሁ፣ ሪፖርት እሞላለሁ። ምሰሶው ዓመት ሙሉ ይለካል፤ ነፋሱ ከበቃ መብራት የሚያመነጩት ትልልቆቹ ተርባይኖች ይመጣሉ። ይህችን ሁለተኛዋን ነገር ለገበሬው አታንሺ ብሎኛል አለቃዬ፣ ገና ስላልተወሰነ። ምሰሶው ከቆመ ኮንትራቴ ወደ ቋሚ ይዞራል። ካልቆመ በወሩ መጨረሻ እሰናበታለሁ።

5:00
ደብተሬ፣ ጉድ ፈላ። ቦታው ከካርታ ላይ የተመረጠ ነው። ጂፒኤሷን ተከትለን ዳገቱን ወጣን፣ ወጣን፣ ጢጥ ብላ ቆመች። የአባቴ አውድማ ላይ! በቀጥታ የጤፉ ክምር መሃል። አባዬ የእህል መበተኛ መንሻቸውን ተደግፈው እንግዳውን በደንብ አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ስንት ተራራ ባለበት አገር።

ማክሰኞ፣ ጥር 19
አባዬ ለምሰሶው እሺ አሉ። ምሰሶ ምን ይበላል አሉ። ተርባይኑን አላነሳሁባቸውም።

ጠቡ በጫማ መጣ። አውድማ ላይ እህል ካለ ማንም ጫማ አድርጎ አይገባም፣ ጳጳስም ቢሆን። የኢ/ር ፉአድ ደንብ ደግሞ ያለ ብረት አፍንጫ ጫማና ያለ አደጋ መከላከያ ቆብ ማንም ሥራ ቦታ አይገባም፣ ሚኒስትርም ቢሆን። እሱ ቢጫ ቆቡን ደፍቶ ከዳር ቆመ። እሳቸው ባዶ እግራቸውን ከመሃል ቆሙ። እኔ የሁለቱም ወገን ስለሆንኩ አንድ ጫማ አውልቄ ድንበሩ ላይ ሳስታርቅ ዋልኩ። እግሬ ቆሰለ።

ስምምነት ተገኘ፦ ጤፉ ተበራይቶ አልቋል፣ የቀረው ለነፋስ መበተን ብቻ ነው። የአንድ ከሰዓት ሥራ። እህሉ ቤት ይገባል፣ ምሰሶው ይተከላል።

ረቡዕ፣ ጥር 20። ከሰዓት 11:00
ነፋስ የለም። ቅጠል አይነቃነቅም። ስድስት ሰው መንሽ ይዞ ቆሟል። ነፋስ የሚለኩት ነፋስ ይጠብቃሉ።

አባዬ እንደ ወጉ ነፋሱን በፉጨት ይጠሩታል። ኢ/ር ፉአድ መጀመሪያ ፈገግ አለ። 10 ሰዓት ላይ እሱም ያፏጭ ነበር። በእጁ የሚይዛት መለኪያ ዜሮ ትላለች።

ሥራ ሲፈታ ነገሩን ለአባዬ ሊያስረዳ ሞከረ። አገሩ መብራቱን የሚያገኘው ከውኃ ነው፣ በበጋ ግድቡ ይጎድላል፣ ነፋሱ ደግሞ በበጋ ይበረታል፣ ስለዚህ ሁለቱ እንደ ጥንድ በሬ ይጠመዳሉ አለ። አባዬ ወደማይነቃነቀው ዛፍ አይተው ይሄኛው በሬ ታዲያ መቼ ሊነሳ ነው አሉ።

ሐሙስ፣ ጥር 21። አስተርዮ ማርያም
ነፋስ! ከጠዋት ጀምሮ። ነጠላዬን ወሰደው፣ የኢ/ሩን ቢጫ ቆብ እስከ ወንዙ አሳደድነው። መለኪያዋ እንደ እብድ ትሽከረከራለች። ግን ማርያም ናት፣ ማን መንሽ ይነካል። ኢ/ር ፉአድ ደጅ ተቀምጦ ክምሩን ሲያይ ዋለ። ልቅሶ ቤት የመጣ ይመስል ነበር። ሳቄን አፈንኩ።

ዓርብ፣ ጥር 22
እንደገና ጸጥ። አለቃዬ ደወለ። ሳምንታዊ ሪፖርት ሰኞ ይግባ፣ «የመዘግየቱ ምክንያት» የሚለው መስመር ባዶ እንዳይሆን። ኢ/ር ፉአድ ቆቡን አወለቀ። እውነተኛው ምክንያት የነፋስ አለመኖር ነው፤ ይህንን የጻፍን ዕለት ቦታው ከዝርዝር ይሰረዛል አለ።

ደብተሬ፣ ለአንተ ብቻ፦ ደስ አለኝ። ሥራዬ ቢቀርም አውድማው ይተርፋል። በልጅነቴ ገለባው ላይ የተንከባለልኩበት፣ አያቴ ያበራየበት። መንገድና ብረት እንዲሆን አልፈልግም። ይኸው ጻፍኩት።

ደስ ይላቸዋል ብዬ ቦታው እንደሚሰረዝ ለአባዬ ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።
«የእኔ አውድማ? ነፋስ የለውም ተብሎ? በማኅተም?»
እራት አልበሉም። አያታቸው ይህንን ዳገት የመረጡት ለነፋሱ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 23። ማታ
9 ሰዓት ላይ መጣ። መጀመሪያ ከባሕር ዛፉ ጫፍ፣ ከዚያ አንገታችን ላይ። ሁሉም ተነሳ። እብቁ ወደ ምሥራቅ፣ ፍሬው ቁልቁል። ኢ/ር ፉአድ ጫማውን አውልቆ መንሽ ያዘ፤ ግማሹን እላዩ ላይ በተነው፣ አባዬ አይተው አለፉት። አባዬ መለኪያዋን ተቀብለው እስኪመሽ ከእጃቸው አላወጧትም። ጎረቤት ሁሉ ቁጥሩን እንዲያይ ተጠራ። አንዲት ፍሬ ሳትቀር እህሉ ገባ።

ከእራት በኋላ ነገርኳቸው፦ ምሰሶው ብዙ ነፋስ ካሳየ ምን እንደሚከተል። ተርባይኖቹና መንገዱ እንደሚመጡ፣ አውድማው እንደሚሄድ። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፣ አፈርኩ። አልተቆጡም። ምሰሶው ልከኛ ነፋስ ብቻ ማሳየት አይችልም ወይ አሉኝ።

እሑድ፣ ጥር 24
ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፎርሙን ሞላሁት። መዋሸት አልሆነልኝም፣ ወዲህም ወዲያም። እንዲህ ጻፍኩ፦ «ሰኞና ማክሰኞ በዝግጅት ላይ ነበርን። ረቡዕ ነፋስ አልነበረም። ሐሙስ ብርቱ ነፋስ ነበር፣ በዓል በመሆኑ አልተሠራም። ዓርብ አልነበረም። ቅዳሜ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ነበር።»

አባዬ አንብቢልኝ አሉ። አነበብኩ። ድገሚው አሉ። ደገምኩ።

እንዲህ ተብሎ ከገባ ቦታው ይሰረዛል ወይ አሉ። ሊሰረዝ ይችላል አልኩ። ያንቺስ ሥራ? እሱም አልኩ።

ተነስተው ደጅ ወጡ። ወደ አውድማው ሲያዩ ቆዩ። ባዶ ነው፣ ተጠርጓል። ተመልሰው ገቡ፣ አጠገቤ ተቀመጡ፣ ፎርሙን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።
«እንግዲያውስ ሐሙስን አስቀድሚው፣ ልጄ። መጀመሪያ ነፋሱን ይዩት።»

ሌላ ፎርም አወጣሁ። ሐሙስን አስቀደምኩት።