በአባትሽ ፀጉር ላይ ያለው ነጭ ነገር

ልጄ ካዙሚ፣

ጤናሽ ይብዛ፣ በሄድሽበት ሁሉ ሰው ይውደድሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ብርድ ነው፣ ደረትሽን ሸፍኚ።

ለአዲስ ዓመት ቤቱን ከጣሪያ እስከ ወለል አራግፌ ጨርሻለሁ፤ የፎቶ አቧራ ግን አቃተኝ። ለአባትሽ ሰባተኛ ዓመት መታሰቢያ ብለሽ የላክሽው ስካነር ሊያሳብደኝ ነው። በዓይን የማይታየው ብናኝ ስክሪኑ ላይ የሩዝ ፍሬ ያክላል። መጀመሪያ አንዱን ፎቶ እንደ መስኮት በእርጥብ ጨርቅ ብወለውለው የአክስትሽ የሱሚ ግማሽ ፊት ከጨርቁ ጋር ሄደ። እንዳትነግሪያት። ወንድምሽ ኮሄ «እማዬ፣ ፎቶ እኮ ሰሃን አይደለም» ብሎ ሳቀብኝና ለስላሳ ብሩሽ ገዛልኝ።

አባትሽ የኡዶን ሊጥ እያቦካ ወፍራም ፓስታ በሚቆርጥበት ምግብ ቤታችን በር ላይ አንቺን አቅፎ የተነሳውን አራት ጊዜ ጠረግኩት። የስካነሩን መስታወትም ወለወልኩ። ፀጉሩና ቅንድቡ ላይ ያለው ነጭ ነገር ግን ንቅንቅ አላለም። ኮሄ «ተዪው፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ያጠፋዋል» ሲለኝ ይባስ ተናደድኩና መነጽሬን አድርጌ ቀረብ ብዬ አየሁት።

ዱቄት ነው።

ያን ቀን ፎቶ አንሺው ቆሞ እየጠበቀ «ኧረ ሰውዬ፣ ራስህን አራግፍ» ስለው «ሊጡ ይደርቅብኛል፣ ቶሎ ያንሳን» ብሎኝ ነበር። እስከ ማታ አኮረፍኩት።

እጅሽ የነካው ይባረክ፣ በሰላም ያገናኘን። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ፎቶውን እንዳለ ልኬልሻለሁ፣ አንቺም እንዳታጸጂው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አራግፍ እያልኩ ነዝንዤዋለሁ፤ ይበቃዋል።

እናትሽ ፉሚ