አንድ ስልክ ለመጨመር

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14

በረዶ። የምነዳት የትምህርት ቤት አውቶቡስ እስክትሞቅ ሃያ ደቂቃ ፈጀች። ተማሪዎቹ ሁሉ አፍንጫቸው ቀልቶ ነው የገቡት፤ አንዷ ጓንቷን ረስታ የኔን ወሰደች።

ቤት ስገባ ዱዌይን በቴሌቪዥን የሆኪ ጨዋታ እያየ ዳኛው ላይ ስድብ ሲያወርድ ደረስኩ። ወንድሜ ድሮ በገዛ አፉ ነበር የሚሳደበው። ስትሮኩ አፉንና ቀኝ እጁን ከወሰደበት ወዲህ በግራ አውራ ጣቱ ኬስትረል በተባለው ባለ ቁልፍ ስልኩ ላይ ይጽፋል፣ ስልኩ ያነብለታል። ያውም እንደ ዜና አንባቢ በተኮፈሰ ድምፅ! "ይህ ዳኛ ዓይኑን ቤቱ ረስቶ መጥቷል።" ቀጥሎ ወደኔ ዞሮ፦ "ጄኔራል፣ ሾርባው የት ደረሰ?"

ጄኔራል የሚለኝ ሳዘው ነው። ማለትም ሁልጊዜ።

ሬዲዮው ስለ ኬስትረል ድርጅት ደግሞ ጀመረ። ሊሸጥ ነው፣ ሊዘጋ ነው... አጠፋሁት። እዚሁ ከተማችን ኪችነር ውስጥ የተሠራ ስልክ፣ ግማሹ ጎረቤቴ እንጀራ የበላበት... እንዴት ነው እንደ ሰው አገር ወሬ የሚያወሩት?

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 16

ዶናት ቤት፣ የኬስትረል ወዳጆች ስብሰባ። ስምንት ሰው ብቻ። አምና ወንበር አይበቃንም ነበር። እንደ ደንባችን ስልኮቻችንን ጠረጴዛው መሃል ደረደርን። ቁልፍ የሌለው፣ የመስታወት ስልክ ይዞ የመጣ ለሁሉም ዶናት ይገዛል፤ እስካሁን የገዛ የለም።

"ስልኩ ሞቷል፣ እኛ ለቀስተኞች ነን" አለ ጉርዲፕ፣ ታክሲ ነጂው፣ እያላመጠ።

"አፍህን በስኳር ሞልተህ አታሟርት!" ማርሊን ናት። የኬስትረል ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የስልኩን ቁልፎች ስትገጥም ኖራለች። ስለ ኬስትረል ክፉ ሲወራ ልጇን የሰደቡባት ያህል ነው።

"ባንኬ እንኳ ለኬስትረል የሠራውን ፕሮግራም አንስቶታል እኮ፣ ማርሊንዬ።"

"ታዲያ ባንክህን ቀይር!"

ሳቅን። መኪና ውስጥ ስገባ ግን ሳቁ ለቀቀኝ። እነሱ ስልክ ነው የሚያጡት። ዱዌይንስ?

እሑድ፣ ጃንዋሪ 19

ከምሳ በኋላ ብሪን ደወለች። የዱዌይን ልጅ፣ ሩቅ ሃሊፋክስ ከተማ ነው ያለችው። ወንድሜ ጠረጴዛው ላይ የቤቱን ስልክ ድምፅ ማጉያ አስከፈተኝ፣ ኬስትረሉን አጠገቡ ያዘና እንደ ሁልጊዜው "ጄኔራል፣ በሩን ዝጊልኝ" አለ።

ዘጋሁት። ዕቃ እያጠብኩ አርባ ደቂቃ ሙሉ የልጅቷን ሳቅና ያንን የተኮፈሰ ድምፅ ሰማሁ። ቃሉ አይለይም። ምን እንዳወሩ ጠየቅኩት።

"ወታደራዊ ምስጢር።"

እሺ! እኔ መች ቸገረኝ። (ቸግሮኛል።)

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 22

ከኬስትረል ድርጅት ለሁላችንም መልእክት መጣ። ስልኩን የሚያሠራው አዲሱ ሥርዓት ቅዳሜ ይወጣል። በመጀመሪያው ቀን ስንት ስልክ እንደተቀበለው አይተው ነው ስለ ወደፊቱ የሚወስኑት።

ለዱዌይን አነበብኩለት። "አንድ ሳምንት እንጠብቅ። መጀመሪያ ሌሎቹ ይቅመሱት።"

እሺ አልኩት።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 23

ማርሊን እንደ ምርጫ ቀን ሆናለች። ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ዶናት ቤት፣ ሦስት ተቆጥሮ አዲሱን ሥርዓት እኩል መጫን። አሮጌ ስልክ መሳቢያ ውስጥ ያለው አውጥቶ ይምጣ። "እያንዳንዱ ይቆጠራል! አንድም ቢሆን አንድ ነው።"

ጉርዲፕ ሲወጣ ክንዴን ያዘኝ። "ቨርና፣ የወንድምሽን ግን እንዳትነኪው። ያ የሚያነብለት ፕሮግራም አሮጌ ነው። ማን ያውቃል?"

"ኧረ አልነካም" አልኩት።

የዚያን ጊዜ እውነቴን ነበር። ይመስለኛል።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 25

ይህን መጻፍ አልፈልግም። ግን ልጻፈው።

ዱዌይንን በውኃ ውስጥ እንቅስቃሴ ወደሚሠራበት የፊዚዮቴራፒ ገንዳ አደረስኩት። ውኃ ውስጥ ስለሚገባ ስልኩን ለኔ ሰጠኝ። ዶናት ቤቱ መንገድ ማዶ ነው። ማርሊን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስትቆጥር አሥራ ዘጠኝ ደረሰ። "ኤጭ! ሃያ ቢሞላ ምን ነበረበት?" አለች።

እጄ ኪሴ ገባ። ምን ነካኝ? ድርጅቱ ከተዘጋ የሱም ድምፅ ይዘጋል፤ አንድ ከጨመርኩ ምናልባት... እንዲህ ብዬ ነው ያሰብኩት። ለሱ ብዬ። ደግሞም፣ እዚህ ማንም ስለማያየው ልናገር፣ ማርሊን ያን ያህል ስትደሰት ማየት ፈለግሁ።

ጉርዲፕ የኔንና የዱዌይንን ስልክ አየ፣ እኔን አየ። አፉን ከመክፈቱ በፊት ማርሊን ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሁለቱንም ተጫንኩ።

ስልኮቹ ሁሉ ጠቆሩ። ቆይተው መልሰው አበሩ። ጭብጨባ! የዱዌይንን ከፈትኩ። የመናገሪያው ምልክት ግራጫ ሆኗል። ስነካው፦ "ይህ ፕሮግራም በአዲሱ ሥርዓት አይሠራም።" ደግሜ ነካሁ። አጥፍቼ አበራሁ። ማርሊን አሁንም እያጨበጨበች ነው።

ዱዌይን ፀጉሩ እርጥብ እንደሆነ ወጣና እጁን ዘረጋልኝ። ሰጠሁት።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 26

ብሪን ደወለች። "አባትሽን ጉንፋን ይዞታል፣ ተኝቷል" አልኳት። ዱዌይን አጠገቤ ተቀምጦ ውሸቴን ያዳምጣል።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 28

ጉርዲፕ ሥራውን ትቶ ስልኩን ለማስተካከል ሁለት ቀን ታገለ። ወደ አሮጌው ሥርዓት መመለስ አይቻልም። ሌላ አሮጌ ኬስትረል ቢገኝም የሚያነብለት ፕሮግራም ከኢንተርኔት መደብሩ ወጥቷል። የሠራው ልጅ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ አፈላልገን ጻፍንለት። "አዝናለሁ። ከተውኩት ሦስት ዓመቴ ነው፣ እኔም ጋ የለም።" ጨዋ ልጅ ነው። ምን ልበለው?

የጉርዲፕን ሚስት የመስታወት ስልክ ሞከርን። የዱዌይን አውራ ጣት ይንቀጠቀጣል፤ ቁልፉን ዳብሶ ካላገኘው ይስታል። በአንድ ሰዓት ሁለት ቃል ተኩል። ከዚያ ስልኩን በክርኑ ገፋው። የሆስፒታሉን መናገሪያ መሣሪያ ለማግኘት ደግሞ ተራ መጠበቅ አለበት። ስምንት ወር።

ጉርዲፕ "ነግሬሽ ነበር" አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ዱዌይንም አልተቆጣኝም። በምን ይቆጣኝ?

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

ድርጅቱ ሥራ አቆመ። የተቀበሉት ስልኮች በቂ አይደሉም፤ ስለ ታማኝነታችን ያመሰግናሉ። ከተቀበሉት አንዱ የወንድሜ ነው።

ዶናት ቤት አራት ሆነን ተገናኘን። ጉርዲፕ የመስታወት ስልክ ገዝቶ መጣ። ዶናቱን ራሱ አዝዞ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ማንም አልቀለደበትም። የበላም የለም።

ማርሊን የኬስትረልን ቁልፎች ካርቶን ላይ ስላ አመጣችልኝ፣ ትልልቅ አድርጋ፣ ቦታ ቦታቸውን ሳትስት። "በጣቱ ያሳይሽ፣ አንቺ አንብቢለት" አለች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። "ሃያ ይሙላ ያልኩት እኔ ነኝ።"

አይ ማርሊን። ኪሱ የኔ ነው፣ እጁም የኔ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ካርቶኑ ይሠራል። ው-ኃ። በ-ረ-ደ-ኝ። መ-ስ-ኮ-ት።

ሆኪ ነበር። ዳኛው ዓይን ያወጣ ስህተት ሠራ። ዱዌይንን አየሁት፣ ካርቶኑን አስጠጋሁለት። በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ስድቡን እኔ አንብቤለት ምን ይጣፍጠዋል? ጄኔራል ካለኝም ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 16

ዛሬ መዋሸት አቃተኝ። ብሪን ስትደውል ሁሉንም ነገርኳት። "እሺ፣ አባዬ ይስማኝ" አለች። የቤቱን ስልክ ማጉያ ከፍቼ ካርቶኑን ይዤ በመሃላቸው ተቀመጥኩ።

"አባዬ፣ እንዴት ነህ?"

ጣቱን ተከትዬ አነበብኩ። "ደህና። አንቺስ?" በኔ ድምፅ። ሦስታችንም አፈርን መሰለኝ። ስለ በረዶው አወራን። ሃሊፋክስም ጥሏል።

"አክስቴ..." አለች በመጨረሻ። "አትቀየሚኝ። ለአባዬ ብቻ የምነግረው ነገር ነበረኝ።"

"አይ፣ ምን ቅያሜ አለው... ግን የሚያነብለት ማነው?"

"አንድ ጊዜ ካንኳኳ አዎ፣ ሁለቴ ካንኳኳ አይደለም ይሁን። ይበቃናል።"

የዱዌይን ጣት ካርቶኑ ላይ ነው። በ-ሩ-ን-ዝ-ጊ።

ወጣሁና ዘጋሁት። እጀታውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ልሰማ አይደለም... ልሰማ ነው። ልጅቷ ዝቅ አድርጋ ብዙ አወራች። አንድ ጊዜ ጠረጴዛውን መታ። ቆይቶ ሁለቴ። ከዚያ ድምጿ እየተሰበረ ከፍ አለ፣ በበሩ አልፎ ለኔም ተሰማኝ።

"ታዲያ ምን ላድርግ፣ አባዬ?"

ይህ በአንድ አይመለስ፣ በሁለት አይመለስ።

ዱዌይን ማንኳኳት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... አላቆመም። በሩን ዝጊ ብሎኛል፣ አልከፈትኩም። እስከ ሃያ ቆጥሬ መቁጠሩን ተውኩ።