በሳህን ተፈትኖ ስለ ተረጋገጠው እንጉዳይ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የጤና ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል እላለሁ፤ በተለይም ሁለቱ ኩላሊቶችዎ እንደምን ሰንብተውልኛል? እኔ ምድር ቤት ባለው የልብስ እጥበት ክፍል አንሶላ ሳጥብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ሠራተኛ ነኝ፤ የሚለብሱት ነጭ ጋዋን በእጄ ስለሚያልፍ ጨርሶ አንተዋወቅም አይባልም። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት በታካሚዎች መጠበቂያ አዳራሽ ስላስለጠፉት ማስታወቂያ ምስጋናዬን ለማቅረብ ነው። «የመድኃኒት እንጉዳይ ጭማቂ ከስኳር መብዛት የሚመጣውን የኩላሊት ሴል ጉዳት ተከላከለ፤ በሳህን ተፈትኖ ተረጋግጧል» ይላል። እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ ማስተማር!

፩ኛ/ እትዬ የምላትን ታላቅ እህቴን ከመርፌ ስለ ገላገሉልኝ አመሰግናለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኢንሱሊኗን አንድ ቀን ሳታዛንፍ ትወጋ የነበረችው ሴት፣ የክፍልዎን ማኅተም ስታይ ልቧ ሞላና መርፌውን እርግፍ አድርጋ ተወችው። «በሳህን» የሚለውንም ቃል አክብራ፣ ከገበያ የገዛችውን የእንጉዳይ ዱቄት እያፈላች፣ በኩባያ ሲሰጧት አሻፈረኝ ብላ፣ ጠዋትና ማታ በጎድጓዳ ሳህን ጠጣችው። ሳህኑን አጥቤ የማቀብላት እኔ ጅሉ ነበርኩ።

፪ኛ/ ሐኪሟ ኋላ እንዳስረዳን፣ ሳህን የተባለው የላቦራቶሪ የመስታወት ሳህን ኖሯል፤ የተፈተኑትም በውስጡ ያደጉና ስኳር የተጨመረባቸው ሴሎች እንጂ ሰው አልነበረም። ተመራማሪዎቹም በሰው ላይ ገና አልተሞከረም ብለው በግልጽ ጽፈው ነበር አሉ። ያቺን አንድ መስመር የተዉት ቦታ ጠቦዎት እንደሚሆን ይገባኛል፤ ለማዕረግዎና ለፎቶግራፍዎ ግን ግማሽ ገጽ መትረፉ አስደስቶኛል።

፫ኛ/ ይታረም ልል አራት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ ብመጣ፣ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ ናቸው ብለው መለሱኝ። ስብሰባው ስለ ጤና ትምህርት መሆኑን ሰምቼ ተጽናናሁ።

፬ኛ/ ቁጥሩን ጻፍኩ እንጂ ከዚህ በኋላ በጨዋ ቋንቋ የምለው አጣሁ። እትዬ በአራተኛው ወር ፊቷም እግሯም አብጦ ወደቀች። ኩላሊቶቿ ደክመው፣ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን እዚሁ የኩላሊት እጥበት ይደረግላታል፤ ተራዋን የምትጠብቀውም እዚያው ማስታወቂያ ሥር ተቀምጣ ነው። ክቡርነትዎ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአጠገቧ የተቀመጠው ሰው መርፌውን ሳይተው ወረቀቱን ያንሱልኝ።

ፎቶግራፍዎ ከነፈገግታው አይደብዝዝ እያልኩ፣

ጋዋንዎን ከነእድፉ ጠንቅቆ የሚያውቀው ትሑት አጣቢዎ፣
ከምድር ቤት

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ ትዕግሥት አጣሁና፣ ወረቀቱን እኔው ነቅዬ ከአንሶላዎቹ ጋር ማሽን ውስጥ ከተትኩት። ማኅተሙም ፎቶግራፉም በአንድ እጥበት ለቀቁ። እትዬ እስከ ዛሬ ሠላሳ አንድ ጊዜ ታጠበች፤ እርስዎ የጻፉት ግን ከእሷ ላይ አልለቀቀም።