ድኗል ያልሽው እጅ

ለልጄ ለጸዮን፦

ዑራኤል በምትሄጂበት ሁሉ ይቅደምልሽ፤ የቶሮንቶም ብርድ ከደጅሽ ይመለስ። እኛ ደህና ነን። ወንድምሽ ኖላዊ ሥራ ቀይሯል፤ የጓሮው አጥርም ታድሷል።

የላክሽው የችፌ ቅባት ደርሶኛል። ፋርማሲ ስለምትሠሪ አምኜሽ ጠዋትና ማታ ተቀባሁት። ጎረቤቴን ሀፍሳንም እንደኔው እጇን ያሳክካት ስለነበር አካፈልኳት። እሷ በሁለት ሳምንት ዳነች፤ የኔው ግን ብሶበት ይደማል። ኖላዊ የሁለታችንንም እጅ ፎቶ አንስቶ በቫይበር ሊልክልሽ ሲል ተሳስቶ የሷን ብቻ ላከ። አንቺም ወዲያው «እማዬ፣ እጅሽ ድኗል፤ ጠባሳ እንኳን የለበትም፤ ቅባቱን አቁሚ» ብለሽ መለስሽ።

የኔ እጅ ነው ጠባሳ የሌለበት? አራት ዓመትሽ ላይ የፈላ ውሃ በላይሽ ልትገለብጪ ስትይ ድስቱን የያዝኩበት እጅ እኮ ነው! እንቅልፍ እንዲወስድሽ ያንን ጠባሳ ነበር የምትዳብሺው። ሌላ ሰው ቢስተው አልቀየምም ነበር።

ቅባት አትላኪ። ለፋሲካ ነይና እጄን ይዘሽ እዪው። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ የምትወልጃቸው ልጆችም እጅሽን የሚለዩ ይሁኑልሽ።

ይህን የጻፈችልኝ ሀፍሳ ናት፤ የኔ እጅ እስክሪብቶ አይጨብጥም። ድኗል ያልሽው እጅ ጽሑፍ ይኸው።

እናትሽ እታገኝ